ነገርን ከሥሩ፦ ምክር ስትጠየቁ ከመመለሳችሁ በፊት

አንድ ማታ ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። "ልጄ፣ ቶሎ እንቅልፍ የሚያስወስድ ነገር ምን አለ?" ይላል። የጻፉልኝ ጋሼ የምላቸው የድሮ ጎረቤቴ ናቸው። ካዛንቺስ ግድግዳ ተጋርተን ኖረናል። በ2017 ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ እሳቸው ከነቤተሰባቸው ገላን ጉራ ገቡ፤ እኔ አራት ኪሎ አካባቢ ቤት ተከራየሁ።

የምሠራው መድኃኒት ቤት ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጥያቄ ለእኔ አዲስ አይደለም። ቆሜ እራት እየሠራሁ በአንድ እጄ መለስኩላቸው፦ ከሰዓት በኋላ ቡና ይተዉ፣ አልጋ ላይ ስልክ አይያዙ፣ ቀን አይተኙ፣ በሁለት ሳምንት ካልተሻለዎት ሐኪም ይዩ። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አሉ። እኔም ጥሩ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ስልኩን አስቀመጥኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘኋቸው። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ፊታቸው ጠቁሯል። እዚያው ቆመን ነገሩን ከመጀመሪያው ነገሩኝ። ፒያሳ አንድ ሕንፃ ላይ ጥበቃ ናቸው። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ተረኛውን ይቀበላሉ። ከገላን ጉራ ለመድረስ ሌሊት 9 ሰዓት ተኩል መነሳት አለባቸው። ለዚያ ደግሞ ማታ 2 ሰዓት ሳይሞላ መተኛት ይፈልጋሉ፤ ግን ሦስት የልጅ ልጆችና ቴሌቪዥኑ ያሉት እሳቸው በሚተኙበት ክፍል ነው። "እንቅልፍማ መች አጣሁ ልጄ፣ የመንገድ ነገር ነው እንጂ" አሉኝ።

መፍትሔውን በኋላ ራሳቸው አገኙት። ፒያሳ አጠገብ ከሚኖር የማታ ተረኛ ጋር ተቀያየሩ። አሁን ማታ ይገባሉ፣ ጠዋት ቤታቸው ይደርሳሉ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲውሉ ይተኛሉ። እኔ ግን "ቀን አይተኙ" ብዬ ነበር የጻፍኩላቸው። ምክሬን ሰምተው ቢሆን ኖሮ ያገኙትን ብቸኛ መውጫ ይዘጋባቸው ነበር።

ይህ ነገር ብዙ አሳሰበኝ። የተናገርኩት አንዱም ስህተት አልነበረም። ለሌላ ሰው ብናገረው ይጠቅማል። ጋሼ ግን የጠየቁኝ ስለ ችግራቸው ሳይሆን ለችግራቸው ራሳቸው ስለገመቱት መፍትሔ ነበር። ሰው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። እኛ ዘንድ ከመምጣቱ በፊት ብቻውን አስቦ አንድ መንገድ መርጧል። የሚጠይቀን ስለ መንገዱ ነው፤ ወዴት እንደሚሄድ አይነግረንም። ፊት ለፊት ቢሆን ዓይኑን አይተን፣ ድምፁን ሰምተን እንጠረጥራለን። በስልክ ጽሑፍ ግን የምናየው አንድ መስመር ብቻ ነው። አባቶች "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" የሚሉት ለዚህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስጠየቅ የምከተለውን መንገድ ላካፍላችሁ። መድኃኒት ቤት ውስጥ የተማርኩት ይበዛበታል፤ ግን ለቤት ኪራይም፣ ለሥራም፣ ለትዳርም ይሠራል።

ደረጃ 1፦ መጠየቅ የማያስፈልገውን ለዩ

ሁሉም ጥያቄ ሥር የለውም። "ከፒያሳ ጥቁር አንበሳ በየት ነው የሚኬደው?" ላለ ሰው "ምን ገጥሞህ ነው?" ማለት ማድከም ነው። ቸርችልን ቁልቁል መውረድ ነው፣ አለቀ። ግፋ ቢል "ታማሚ ይዛችሁ ከሆነ ሲመለሱ ዳገት ነው፣ ታክሲ ያዙ" ትላላችሁ።

አደጋም እንዲሁ ነው። ሰው ወድቋል፣ ደም አልቆም ብሏል፣ ትንፋሽ አጥሯል የሚል መልእክት ከመጣ ጥያቄ አታብዙ። ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደውሉ በሉ፤ ያሉበትን ቦታ ጠይቁና እናንተም ደውሉ። ሌላው በኋላ ይደርሳል።

የቀረው ግን፣ ማለትም መልሱ እንደ ሰውየው የሚለያይ ነገር ሁሉ፣ ቆም ማለት ይፈልጋል።

ደረጃ 2፦ መልእክቱን ሁለት ጊዜ አንብቡ

የእኛ ፊደል የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። አንዲት እናት "ልጄ ከትናንት ጀምሮ አይሰማም" ብላ ጻፈችልኝ። ጆሮው ነው ብዬ ስለ ጆሮ ልጽፍላት ስል ቆም አልኩ። ጆሮው አይሰማም ማለት ነው? ድምፁ ተዘግቶ ሲናገር አይሰማም ማለት ነው? ወይስ ያስቸግራል፣ ምክር አይሰማም ማለት ነው? ደወልኩላት። ድምፁ ነበር የተዘጋው። ጉንፋን ይዞት ሰንብቷል። ስለ ጆሮ ጽፌላት ቢሆን ኖሮ ልጁን ተሸክማ ጆሮ ሐኪም ፍለጋ ትወጣ ነበር።

በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ሲሆን ደግሞ የባሰ ነው። ቅንጣት ያህል ከተጠራጠራችሁ ደውሉ፤ ወይም በድምፅ እንዲልኩላችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛ ስታነቡ ትንንሾቹን ቃላት ፈልጉ። ጋሼ "ቶሎ" ብለው ነበር። እንቅልፍ የራቀው ሰው "እንቅልፍ እምቢ አለኝ" ነው የሚለው። "ቶሎ" ያለ ሰው የሚሽቀዳደመው ሰዓት አለው። ያቺ ቃል ፊቴ ነበረች፤ አላየኋትም። "እንደምንም"፣ "ብቻ"፣ "ከሌለ ደግሞ"፣ "ሰው ሳያውቅ" የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። "ለአንድ ጓደኛዬ ነው" የሚለውንም አክብሩ። እውነት ለጓደኛ ሊሆን ይችላል፤ ለራስም ሊሆን ይችላል። ለማወጣጣት አትሞክሩ። "ለጓደኛሽ እንዲህ በያት" ብሎ መመለስ ለሁለቱም ይደርሳል።

ደረጃ 3፦ "ለምን?" አትበሉ

ይሄ የብዙዎቻችን ስህተት ነው። ምክንያቱን ማወቅ እንፈልጋለንና "ለምን ፈለግሽው?" እንላለን። በአማርኛ ግን "ለምን" ቁጣ አለበት። ልጅ ሆነን ዕቃ ስንሰብር የተጠየቅነው "ለምን?" ተብለን ነው። የቢሮ ጸሐፊም፣ ዘበኛም የሚያስቆመን "ለምን ነው?" ብሎ ነው። ስለዚህ ይህችን ቃል የሰማ ሰው አያብራራም፤ ራሱን ይከላከላል። ወይም "ተይው፣ እንዲሁ ነው" ብሎ ይጠፋል።

በእሷ ፈንታ እነዚህን ሞክሩ፦ "ምን ገጥሞህ ነው?"፣ "እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ"፣ "ከመቼ ጀምሮ ነው?"፣ "እስካሁን ምን ሞከራችሁ?" ከዚያ የምትጠይቁበትን ምክንያት ጨምሩ፦ "የምጠይቅሽ መልሱ ስለሚለያይ ነው።" ይህች አጭር ዓረፍተ ነገር ብዙ በር ትከፍታለች። ሰው ሊመረመር እንዳልሆነ ያውቃል።

ሌላም ችግር አለ። አማርኛ ግሥ ወንድና ሴት ይለያል፣ ታላቅና ታናሽም ይለያል። በጽሑፍ የመጣው ሰው ደግሞ ፎቶው አበባ ወይም የቅዱስ ሥዕል ይሆናል፤ ስሙም ለሁለቱም ፆታ የሚወጣ ይሆናል። "ገጥሞህ" ብላችሁ ሴት ብትሆን፣ "አንቺ" ብላችሁ የእናታችሁ እኩያ ብትሆን ጨዋታው ገና ሳይጀመር ይበላሻል። እኔ በአንቱታ እጀምራለሁ። ወጣት ከሆነ "ኧረ አንተ በይኝ" ይላል፤ ያኔ ቀላል ነው። አንቱታው ይቀዘቅዝብኛል የምትሉ ደግሞ ፆታ የማይነካ ጥያቄ አለ፦ "ለማን ነው? ከመቼ ጀምሮ ነው? ምን ተሞከረ?" ማንንም አያስቀይምም።

ዘመድ አዝማድ ሁሉ በሚያነበው የቤተሰብ ግሩፕ ላይ ከተጠየቃችሁ ደግሞ መልሳችሁ እዚያው አትጠይቁ። አክስት፣ አጎት፣ የአጎት ሚስት ሁሉ እያነበበ "ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምሽ?" ማለት ልብስ እንደ ማስወለቅ ነው። "በውስጥ ልጻፍልሽ" ብላችሁ ለብቻዋ ሂዱ።

ደረጃ 4፦ መልሳችሁን የሚቀይረውን ብቻ ጠይቁ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ዋናው ይሄ ነውና።

መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጋ የቆመ ሰው አምስት ነገር ይጠየቃል። ለማን ነው? ምን ምን ይሰማዋል? ስንት ቀን ሆነው? እስካሁን ምን ወሰደ? ሌላ የሚወስደው መድኃኒት አለ? እነዚህ ጥያቄዎች ዝም ብለው የመጡ አይደሉም። እያንዳንዳቸው መልሱን ሊገለብጡት ይችላሉ።

ምሳሌ ልስጣችሁ። "ፓራሲታሞል በቀን ስንት ይፈቀዳል?" የሚል መልእክት በየሳምንቱ ይደርሰኛል። መልሱ ቀላል ይመስላል፦ ለጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም ከባለ 500 ሚሊግራሙ ከ8 ፍሬ መብለጥ የለበትም። ይህን ጽፌ መሄድ እችላለሁ። አንድ ቀን ግን "ለማን ነው?" ብዬ ጠየቅሁ። "ለራሴ ነው፣ ጥርሴን ነው" አለኝ ልጁ። ከመቼ ጀምሮ? "ሁለተኛ ሳምንቴ።" ሌላ የምትወስደው አለ? "ጉንፋንም ይዞኝ የጉንፋን ክኒን እየወሰድኩ ነው።" ብዙዎቹ የጉንፋን ክኒኖች ውስጣቸው ፓራሲታሞል አለ። ልጁ ሳያውቀው ሁለት እጥፍ እየወሰደ ነበር፤ ይህ ጉበት ይጎዳል። ጥርሱም በክኒን የሚድን አልነበረም። "8 ፍሬ" ብዬ ብመልስለት ኖሮ እውነት ነግሬው እጎዳው ነበር። የጉንፋኑን ክኒን አስተውኩት፤ በማግስቱ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄደ።

በሌላ በኩል ደግሞ የማልጠይቀው አለ። አንዲት ወጣት ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ስትጠይቀኝ ከማን ጋር፣ እንዴት፣ አግብተሻል ወይ ብዬ አልጠይቃትም። መልሴን አይቀይረውም። "ስንት ሰዓት ሆነው?" ብዬ ግን እጠይቃለሁ፤ ክኒኑ ቶሎ በተወሰደ ቁጥር ይበልጥ ይሠራልና፤ በተለይ 72 ሰዓት ሳያልፍ ቢወሰድ ይሻላል። የሚወሰድ ሌላ መድኃኒት ካለም እጠይቃለሁ። ያ ይበቃል። ከዚያ የሚተርፈው ጥያቄ ለእሷ ሳይሆን ለእኔ ወሬ ነው።

ስለዚህ ጣታችሁ ከመጻፉ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ፦ "ይህን ባውቅ የምለው ነገር ይለወጣል?" ከተለወጠ ጠይቁ። ካልተለወጠ ተዉት። እንዲህ ሲሆን አምስቱን ሁሉ አትጠይቁም፤ ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ይበቃል። አምስት ጥያቄ በአንድ ጊዜ የተላከለት ሰው ፖሊስ ጣቢያ የቆመ ይመስለዋል። አንዱን ላኩ፣ መልሱን ጠብቁ፣ ከዚያ ሌላውን።

ደረጃ 5፦ ከእናንተ ምን እንደሚፈልግ ለዩ

ችግሩን ማወቅ አንድ ነገር ነው። ሰውየው ከእናንተ የሚፈልገውን ማወቅ ሌላ ነው።

የአክስቴ ልጅ ከጥቂት ዓመት በፊት "ዱባይ መሄድ ይሻለኛል ወይስ እዚሁ መሥራት?" ብላ ጻፈችልኝ። ደነገጥኩ። የሰማሁትን ክፉ ታሪክ ሁሉ ሰብስቤ ረጅም ጽሑፍ ላክሁላት። እዚህ ምን መሥራት እንደምትችል፣ ትምህርቷን እንዴት እንደምትቀጥል ዘረዘርኩ። እሷ ግን ፓስፖርቷ ላይ ቪዛ ተመቶ፣ በረራዋ ለሐሙስ ተቆርጦ ነበር። ወስናለች። የፈለገችው ምርቃት ነበር። ፍርሃቷን የሚጋራት ሰው ነበር። ጽሑፌን አንብባ "እሺ" ብቻ አለችኝ። ከሄደች በኋላ ለወራት አልጻፈችልኝም። ይህ እስካሁን ይከነክነኛል።

መወሰኗን ባውቅ ኖሮ ሌላ ነገር እላት ነበር። የምትሄጂው በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ ነው? የውሉን ኮፒ ለእናትሽ ትተሻል? የፓስፖርትሽን ፎቶ ላኪልኝ፣ እኔም ጋ ይቀመጥ። የቆንስላውን ስልክ በወረቀት ጻፊ፣ ስልክ ሊወሰድ ይችላልና በቃልሽም ያዥው። ሐሙስ ስንት ሰዓት ነው? ልሸኝሽ። ያኔ የሚጠቅማት ይህ ነበር።

አሁን እንዲህ ያለ ትልቅ ጥያቄ ሲመጣ መጀመሪያ የምጽፈው አንድ መስመር ነው፦ "ወስነሻል ወይስ ገና እያሰብሽበት ነው?" የወሰነ ሰው በእፎይታ "ወስኛለሁ" ይላል። ያልወሰነም "ግራ ገብቶኛል" ይላል። ሁለቱ የሚፈልጉት መልስ ፈጽሞ አይገናኝም።

ሌላው፣ ምክር ሳይሆን ጓደኛ የሚፈልግ ሰው ነው። "ባሌ እንዲህ ቢለኝ ምን ልበለው?" የምትል ሴት ምን ማለት እንዳለባት ላታጣው ትችላለች። ያቃጠላትን ልትነግራችሁ ነው። "መፍትሔ እናስብ ወይስ ዝም ብዬ ልስማሽ?" ብላችሁ ብትጠይቁ አያሳፍርም። "ስሚኝ" ካለች ስሙ። "እኔም እንዲህ ሆኜ ነበር" ብላችሁ የራሳችሁን ታሪክ አታስገቡ፤ የእሷ ጊዜ ነው።

ገንዘብ የቸገረው ሰውም አለ። በእኛ ባህል ገንዘብ ፊት ለፊት መጠየቅ ከባድ ነው። ስለዚህ "ብድር የት ይገኛል?" ወይም "እዚያ አካባቢ እቁብ አላችሁ?" ይባላል። አንዳንዴ እውነትም መረጃ ነው የሚፈለገው። አንዳንዴ ደግሞ "አበድሪኝ" ነው። ወርቁን ከሰሙ ለመለየት ሰውየውን አታስጨንቁ። "ስንት ነው የጎደለው? ለመቼ ነው?" በሉ። ከዚያ አቅማችሁን በግልጽ ተናገሩ፦ "እቁቤ ገና አልወጣልኝም፤ 2 ሺህ ብር ግን አለኝ፣ ይሆናል?" ወይም "አሁን እጄ ባዶ ነው፤ ግን አብረን እንፈልግ።" የባንክ ስም ዝርዝር ልኮ ዝም ማለት የገባን ነገር እንዳልገባን ማስመሰል ነው። ሰው ያንን ያውቀዋል፤ ይከፋዋልም።

ደረጃ 6፦ አስፈሪ ጥያቄ ሲመጣ

ይህን ደረጃ በጥሞና አንብቡልኝ። "ብዙ ክኒን አንዴ ቢዋጥ ምን ይሆናል?" ወይም "የማያሳምም የቱ ነው?" የሚል ጥያቄ ሌሊት ከመጣ መልስ አትስጡ፤ ግን አትለፉትም። ቀጥታ ጠይቁ፦ "ራስህን ለመጉዳት አስበህ ነው?" ብዙ ሰው ይህን መጠየቅ ሐሳቡን ያመጣበታል ብሎ ይፈራል። አያመጣም። ብዙ ጊዜ ያቀለዋል፤ አንድ ሰው እንዳየው ያውቃል።

"አዎ" ካለ ወይም ዝም ካለ ደውሉ። መጻጻፍ አይበቃም። የት እንዳለ ጠይቁ። አጠገቡ ማን አለ? ለዚያ ሰው ደውሉ። መድኃኒቱን፣ መርዙን፣ ስለቱን ከአጠገቡ እንዲያነሱ ንገሩ። ብቻውን እንዳይተው። በአቅራቢያ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ለአእምሮ ሕክምና አማኑኤል ሆስፒታል አለ። "ለማንም አልናገርም" ብላችሁ ቃል አትግቡ። በዚህ ነገር ምስጢር መጠበቅ ሰውየውን አያተርፈውም።

"አይ፣ እንዲሁ ጠይቄ ነው" ካለም አትከፉበት። "እሺ፣ ግን አስበኸኝ ስለጻፍክልኝ ደስ ብሎኛል። ነገ ጠዋት እደውላለሁ" በሉት። ጠዋትም ደውሉ።

ደረጃ 7፦ የገባችሁን መልሳችሁ ንገሩ፣ ከዚያ ትንሽ ምከሩ

አንድ የሥራ ባልደረባዬ "አከራይ ከቤቴ ውጪ ካለኝ መክሰስ ይቻላል?" ብላ ለሁላችንም ጻፈች። መልሱ ወዲያው ጎረፈ። አንዱ አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን አመጣ፦ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር አይበልጥም። ትክክል ነው። ሌላው የጠበቃ ስልክ ላከ። ሦስተኛዋ "እንዳትወጪ!" አለች። ሁሉም አዝነውላት ነው።

እኔ በውስጥ ጻፍኩላት፦ "ምን ተባልሽ? በስንት ቀን?" ለካ ገና ውጪ አልተባለችም። የአከራይዋ ልጅ ሊያገባ ነው፤ ሰውየው ቡና ላይ "ቤት ጠቦናል" ብለዋል። እሷ ያስጨነቃት ልጇ ነው። 8ኛ ክፍል ነው፣ ሰኔ ላይ ይፈተናል፤ በዚህ መሀል ሰፈርና ትምህርት ቤት መቀየር አትፈልግም። "ስለዚህ ችግርሽ ቤቱ ሳይሆን እስከ ሰኔ መቆየት ነው፣ ልክ ነኝ?" አልኳት። "እሱን ካገኘሁ እኔው እለቃለሁ" አለች።

ያቺ "ልክ ነኝ?" ብዙ ትሠራለች። ተሳስቼ ከሆነ ታርመኛለች። ትክክል ከሆንኩ ደግሞ ሰውየው ራሱ ችግሩን ከሌላ አፍ ሲሰማው ይጠራለታል። ከዚያ በኋላ መክሰስ አያስፈልግም ነበር። ሁለቱም የሚያከብሯቸው አንዲት የሰፈር እናት ይዛ ሄደች። እስከ ሐምሌ ተፈቀደላት። አዋጁም ዋጋ አልነበረውም ማለት አይደለም። ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጊው፣ ውልሽም የተመዘገበ መሆኑን እዪ ብያታለሁ፤ ነገ ሐሳብ ቢለወጥ የምትይዘው ወረቀት ያስፈልጋታል። በክስ ብትጀምር ግን እስከ ሰኔ በአንድ ግቢ ተኳርፎ መኖር ነበር።

ስትመክሩ አንድ ነገር ምከሩ። ነገ ጠዋት ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያውቅበትን። ደግሞ ቃላችሁን ጥርት አድርጉ። "መድኃኒቱን በ8 ሰዓት ውሰጂ" ያልኳት አንዲት ሴት በቀን አንዴ፣ ከምሳ በኋላ 8 ሰዓት ላይ ስትወስድ ከረመች። እኔ በየ8 ሰዓቱ ማለቴ ነበር። አሁን "ንጋት 12 ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት" ብዬ ሦስቱንም እጽፋለሁ። ውጭ አገር ላለ ሰው ሲሆን ደግሞ የእኛን ሰዓት ነው የእነሱን እያላችሁ ለዩ። ቀን ስትቆርጡም የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ተናገሩ።

የማታውቁትን "አላውቅም" በሉ፤ የሚያውቅ ሰው አገናኙ። እንዲህ በማለቴ እስካሁን ያዘነብኝ ሰው የለም።

ደረጃ 8፦ ተመልሳችሁ ጠይቁ

አብዛኞቻችን ይህን አናደርግም። መከርን፣ ተመሰገንን፣ ረሳን። ጋሼን ሜክሲኮ ባላገኛቸው ኖሮ ምክሬ እንዳልሠራ እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ማለት "ጠቀመኝ" ማለት አይደለም። ሀገራችን ላይ ያልጠቀመም ይመሰገናል።

ስለዚህ አሁን ምክር ከሰጠሁ በኋላ ስልኬ ላይ ማስታወሻ እሞላለሁ፤ በሳምንቱ ይጮህልኛል። የምጽፈውም አጭር ነው። "ያ ነገር እንዴት ሆነ? ያልኩት ካልሠራ አትፈር፣ ንገረኝ፤ ሌላ እናስባለን።" ከሦስቱ በአንዱ እውነተኛው ጥያቄ የሚወጣው ያኔ ነው። የጥርሱ ልጅ በሳምንቱ ጥርሱን እንደነቀለ ነገረኝና ጨመረ፦ "ደግሞ እናቴ ስኳር አለባት፤ መድኃኒቷን አቋርጣለች፤ እንዴት ልንገራት?" መጀመሪያ ሲጽፍልኝም ይህ በሆዱ ነበር።

"እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ" አልኩት። "ያቋረጠችው መቼ ነው?"